የመስከረም ኩኪስ በባሕር ዳር፦ አንድ ስኳር፣ ሁለት ቅቤ፣ ሦስት ዱቄት

መጀመሪያ የጋገርኩት ኩኪስ ኩኪስ አልነበረም። 24 ድቡልቡል ሊጥ ትሪ ላይ ደርድሬ ኦቨን ውስጥ ከተትኩ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስከፍተው 24ቱም ተያይዘው አንድ ሆነው ጠበቁኝ። ጠርዙ ያረረ፣ መሃሉ ገና ሊጥ የሆነ፣ ትሪውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ አንድ ትልቅ ቂጣ። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፣ እንግዳ ተጠርቷል፣ ቅቤውም አልቋል። ምን ይደረግ? በቢላ ቆራርጬ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጆቹ ምንም ሳይሉ ጨረሱት።

በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጉድ። ለጋ ቅቤ አጣሁና ከጓዳ የተነጠረውን አወጣሁ፤ ኮረሪማውም ኮሰረቱም አብሹም ያለበትን ማለት ነው። ቅርፁ ተስተካክሎ ሲወጣ ደስ አለኝ። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን አንዱን አንስታ ገመጠች፣ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ከዚያ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ከዶሮ ወጡ ጋር ነው እንዴ የሚቀርበው?» መልስ አልነበረኝም።

አሁን ግን ይወጣልኛል። ለበዓልም፣ እንዲሁ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ብቅ ስትልም እጋግራለሁ። አሠራሩን እስከነስህተቴ ልንገራችሁ።

ለምን ቂጣ ሆነ?

መጀመሪያ ያየሁት አሠራር ከስልክ ላይ የተገኘ፣ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ ነው። ባሕር ዳር ስሟ ባሕር ቢኖረውም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ጠንክሮ ሳይይዝ መልሶ ይተኛል፣ ሲተኛ ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ጎንደርና ደብረ ታቦር ያላችሁ ከእኛም ከፍ ስለምትሉ ይባስባችኋል።

ሁለተኛው ጥፋት ቅቤው ነበር። ከተማችን ሞቃት ናት፣ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ቅቤ ዘይት ሊሆን ምንም አይቀረው። የቀለጠ ቅቤ ያለበት ሊጥ ደግሞ እሳት ሲነካው ይፈሳል። ሦስተኛው ስኳሩ ነው። የእኛ ስኳር ፍሬው ወፍራም ነው፤ በሊጡ ውስጥ ሳይሟሟ ይቆይና ኦቨን ውስጥ ሲቀልጥ ሊጡን ይዞት ይዘረጋል።

ስለዚህ መፍትሔዬ ቀላል ሆነ። ቤኪንግ ፓውደር ጭራሽ የማይገባበትን ዓይነት መሥራት ጀመርኩ። የማይነፋ ሊጥ አይተኛም። የሚያስፈልገው ስኳር፣ ቅቤና ዱቄት ብቻ ነው፤ በክብደት አንድ ለሁለት ለሦስት። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ቁንጥጫ ጨው። ይኼው ነው። ከዚህ 40 የሚሆን ኩኪስ ይወጣል።

ሚዛን የሌለው ሰው በቡና ሲኒ ይስፈር። ግን ሲሰፈር አንድ ሁለት ሦስት አይሆንም፣ ምክንያቱም ዱቄት ቀላል ነው፤ አንድ ሲኒ ስኳር የሚመዝነውን ያህል ለማግኘት አንድ ሲኒ ከግማሽ በላይ ዱቄት ያስፈልጋል። በሲኒ 1 ስኳር፣ 2 ቅቤ፣ 5 ዱቄት አድርጉት። ዱቄቱን በማንኪያ ጨምሩና በቢላ ጀርባ ላዩን አስተካክሉ፣ አትጠቅጥቁት። እኔ ብዙ ጊዜ የምሠራው በዚህ ነው፣ አሳፍሮኝ አያውቅም።

የቅቤው ነገር

ቅቤው ላይ ቆየት ልበል፤ የኩኪሱ ጣዕም ከሞላ ጎደል እሱ ነው።

ከሱቅ የሚገዛ የገበታ ቅቤ ካገኛችሁ ጣጣ የለውም፣ ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ መሥራት ነው። ማርጋሪንም ይሠራል፤ ቅርፁ እንዲያውም ያምራል፣ ጣዕሙ ግን ያው የማርጋሪን ነው። እኔ የምወደው የገበያውን ለጋ ቅቤ ነው። ክረምት አልፎ ከብቱ ሣር ሲጠግብ ቅቤው በዛ ይላል። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ አሽትቱ። ለጋ ቅቤ የእርጎ ሽታ አለው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። የበሰለው፣ ሽታው አፍንጫ የሚወጋው፣ ለፀጉርም ለወጥም ይሁን፣ ለኩኪስ ግን አይሆንም።

ቤት ስታመጡት እጠቡት። አዎ፣ ቅቤ ይታጠባል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ፣ ቅቤውን በእጃችሁ ወይም በእንጨት ማንኪያ እያሹ እዚያው ውስጥ ገልብጡት። ውሃው ወተት ይመስላል፤ ይሄ ውስጡ የቀረ አሬራ ነው፣ ጉምዛዜውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ድፉት፣ አዲስ ውሃ ጨምሩ፣ እንደገና። ሦስት አራት ጊዜ ነው፣ ውሃው ጥርት እስኪል። አንዳንዴ ፀጉርና ሰበዝም አብሮ ይወጣል፤ አይግረማችሁ። መጨረሻ ላይ ውሃውን በደንብ ጨምቃችሁ አውጡና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ የቀረ ውሃ ሊጡን ያጠነክረዋልና። ከዚያ ማቀዝቀዣ።

ያላችሁ ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ከሆነም ይሆናል። ግን ሲነጠር ውሃው ስለሚሄድ የቀረው ንጹሕ ስብ ነው፣ በ200 ግራም ፈንታ 165 ግራም በቂ ነው። ሊጡ አልያዝ ካለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ጨምሩ። እና ቅመም የገባበት አለመሆኑን አሽትታችሁ አረጋግጡ። የጎረቤታችን ነገር አሁንም ይነሣብኛል።

ሊጡ

ስኳሩን ፍጩት። መፍጫ ማሽን ካለ 30 ሰከንድ፣ ከሌለ ሙቀጫ። እንደ ዱቄት ድቅቅ ማለት የለበትም፣ ፍሬው ግን መሰበር አለበት። ዱቄቱን ንፉት፣ በተለይ ክረምቱን የከረመ ከሆነ። በዚህ ወቅት ነቀዝ አይጠፋም፣ ደግሞም እርጥበት ጠጥቶ ይጓጉላል።

ቅቤውን ከማቀዝቀዣ አውጡና ጣታችሁን ስትጫኑበት ስርጉድ እስኪል ጠብቁ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ይሄ 15 ደቂቃ አይፈጅም። ስርጉዱ ውስጥ ጣታችሁ ላይ ዘይት ካብረቀረቀ አሳልፋችሁታል፣ መልሱት። ስኳሩንና ጨውን ጨምራችሁ በእንጨት ማንኪያ አሹት። ቪዲዮዎቹ ላይ ነጭ እስኪሆንና እስኪነፋ ምቱት ይላሉ፤ ያ ለኬክ ነው። እዚህ ስኳሩና ቅቤው አንድ ሲሆኑ ይበቃል። አብዝታችሁ ከመታችሁት አየር ይገባበታል፣ አየሩ ደግሞ እንደ ቤኪንግ ፓውደሩ ያው ወደ ጎን ይወስደዋል።

ሽታ የሚሰጠውን እዚህ ላይ ጨምሩ። ቫኒላ የለመደ ቫኒላ። እኔ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ከሎሚ ላይ በስሱ የተፋቀ አረንጓዴ ልጣጭ አደርጋለሁ፤ ነጩ ከገባ ይመራል። ኮረሪማም ጥሩ ነው፣ ግን ከሦስት ፍሬ በላይ እንዳታደርጉ።

አሁን ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ጨምሩና በጣት ጫፍ አሹት። መጀመሪያ የፈራረሰ ነገር ነው፣ እርጥብ አሸዋ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ውሃ ይጨምራል። አትጨምሩ! ትንሽ አሹት። አንድ እፍኝ አንሱና ጨብጡት፤ መዳፋችሁን ስትከፍቱ የጣቶቻችሁ ቅርፅ ከቀረበት ሊጡ ደርሷል። ሰብስቡትና ተዉት። እንደ ዳቦ ሊጥ አታቡኩት። ዳቦ በታቦካ ቁጥር ያምርበታል፣ ኩኪስ ግን በታቦካ ቁጥር ድንጋይ ይሆናል፣ የስንዴው ላስቲክ የመሰለ ነገር የሚወጣው በመታሸት ስለሆነ። ለድፎ የለመደ እጅ ይሄን ማመን ያቅተዋል። እናቴ አንድ ቀን አግዝሻለሁ ብላ ገብታ አሥር ደቂቃ ሙሉ አቦካችው። የወጣው ነገር ቡና ውስጥ ተነክሮ ካልሆነ ጥርስ አያስገባም ነበር።

ቅርፁ

መዳመጫ አያስፈልግም። ሊጡን ለሁለት ክፈሉ፣ እያንዳንዱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እያንከባለላችሁ እንደ ወፍራም ሙዝ አርዝሙት። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሰዓት ይተኛ። ይሄን አትዝለሉ። ከሁሉም እርምጃ ለመዝለል የሚያጓጓው ይሄ ነው፣ ቂጣ የሚያደርገውም ይሄን መዝለል ነው። ማታ ሠርታችሁ ብታሳድሩት ደግሞ የበለጠ ነው፤ በዓል ከሆነ በጠዋት ዶሮው አለ፣ ጠላው አለ፣ ሊጥ ማሸት የሚችል ሰው የለም።

ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ሰሊጥ ላይ አንከባሉት፣ ጠርዙ ሁሉ ሰሊጥ ይይዛል። ከዚያ በስለት ቢላ የትንሽ ጣት ውፍረት ግማሽ፣ ማለትም ግማሽ ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡ። ሁሉም እኩል ይሁን። አንዱ ስስ አንዱ ወፍራም ከሆነ ስሱ ሲያርር ወፍራሙ ገና ነው።

ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ማስመሰል ይቻላል። ከሊጡ ላይ ሲሶውን ለይታችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ አሹበት፤ ቢጫ ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን አይሰማም። በመዳፋችሁ ጠፍጥፋችሁ በሲኒ አፍ ክብ ክብ ቁረጡ፣ ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ጫን ጫን ስታደርጉት ቅጠል ቅጠል ይሆናል። መሃሉ ላይ ሰሊጥ ጣል። አበባ ይዘው በር የሚያንኳኩ ልጆች ከብር ጋር አንድ አንድ ሲሰጣቸው እርስ በርስ የሚተያዩት ነገር!

እሳቱ

ኦቨን ያለው 175 ዲግሪ ላይ አድርጎ 15 ደቂቃ ያግለው። የብዙዎቻችን ኦቨን ቁጥሩ ተፍቋል ወይም ይዋሻል። እንግዲያው ትሪ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት በተን አድርጋችሁ አስገቡ። ወደ 5 ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ለጋ ቡኒ ከሆነ ልክ ነው። ቶሎ ከጠቆረ በዝቷል፣ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ገና ነው።

ትሪው ቀዝቃዛ ይሁን። የመጀመሪያውን ዙር አውጥታችሁ በትኩሱ ትሪ ላይ ሁለተኛውን ብትደረድሩ ኦቨን ሳይገባ መቅለጥ ይጀምራል። በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ተዉ፣ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ጋግሩ። ጠርዙ ወርቃማ፣ መሃሉ ገና ፈዘዝ ያለ ሲሆን አውጡ። ስትነኩት ለስላሳ ነው፣ ያልበሰለ ይመስላል። አትመልሱት። ኩኪስ የሚደርቀው ከወጣ በኋላ ነው። ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በስስ ነገር አንስታችሁ ወንፊት ላይ አሳርፉት። ትኩሱን ካነሣችሁት እጃችሁ ላይ ይፈርሳል፣ የፈረሰው ደግሞ እዚያው አፍ ውስጥ ነው የሚገባው።

በዋዜማ መብራት አይታመንም። ከገባ 5 ደቂቃ ካለፈው በኋላ ከጠፋ በሩን እንዳትከፍቱ፤ ኦቨኑ ሙቀት ስለሚይዝ 10 ደቂቃ ጨምራችሁ ብትጠብቁ ብዙ ጊዜ ይበስላል። ገና ካልገባ ሊጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ትታችሁ ወደ ከሰል ዙሩ።

ከሰሉ ላይ ወፍራም ድስት ጣዱ። ታቹ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ደረቅ አሸዋ ወይም ጨው አንጥፉ፣ ከላዩ ትንሽ የብረት ማስቀመጫ ወይም የተገለበጠ ጣሳ ክዳን አድርጉ። ከድናችሁ 15 ደቂቃ ይጋል። ኩኪሱን በቆርቆሮ ሰሃን ደርድራችሁ አስቀምጡ፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም አድርጉ። ድፎ በባሕሉ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለት የለ? ያው ነው። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ስምንት ዘጠኝ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ድንጋይ ልጠቀም የሚል ካለ ከሐይቁ ዳር ያነሣውን እንዳይሆን። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል። ከሰሉም በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ ጭሱ አይታይም እንጂ ሰው ይጥላል።

የእንጀራ ምጣዱንም ሞክሬዋለሁ። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ሶኬቱን ነቅሎ፣ በቀረው ሙቀት፣ ሰሃኑን ከምጣዱ ከፍ አድርጎ፣ አክንባሎውን ከድኖ። ሥሩ ቶሎ ይጠቁራል። አንድ ጊዜ ይገለበጥ።

ጾም ሲሆን

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። እንቁጣጣሽም መስቀልም ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ይጾማል። መስከረም 26 ደግሞ ጽጌ ይገባል፤ የፈቃድ ነው፣ ግን በየቤቱ የሚጾም አይጠፋም። እሱ ሲያልቅ ቁስቋም፣ ብዙም ሳይቆይ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ገና ድረስ ቅቤ የገባበት ኩኪስ ይዛችሁ የሰው ቤት ስትገቡ ጠይቃችሁ ግቡ።

የጾሙ በዘይት ነው። 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 70 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ወይም ውሃ። በሲኒ ከሆነ 7 ተኩል ዱቄት፣ 1 ከሩብ ስኳር፣ 1 ከሲሶ ዘይት፣ ጎደል ያለ 1 ጭማቂ። ዘይት እንደ ቅቤ አየርና ቅርፅ ስለማይሰጥ እዚህ ቤኪንግ ፓውደር ያስፈልጋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ! ሙሉ ያላችሁን ሰው አትስሙት፣ ከፍታውን ረስቶ ነው። ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የዝንጅብል ዱቄት ግማሽ፣ ቅርንፉድ ሁለት ሦስት ፍሬ ተወቅጦ፣ ቁንጥጫ ጨው። ቅቤ ስለሌለ ቅመሙ ነው የሚሸከመው፣ አትሳሱ።

ስኳሩን ጭማቂው ውስጥ አሟሙት፣ ዘይቱን ጨምሩና በሹካ ምቱት። ደረቁን ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ጨምሩበት፣ ሲሰበሰብ ተዉት። ይሄ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ላዩን ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት። የትንሽ ሎሚ ግማሽ የሚያህል እያነሣችሁ አድቦልቡሉና በሹካ ጀርባ ጫን አድርጉ። ያው 175 ዲግሪ ነው፣ 15 ደቂቃ ገደማ። የዘይቱ ከቅቤው ይልቅ ጠጠር ይላል፣ ሻይ ይወዳል።

ተቆልቶ የተወቀጠ ለውዝ ካላችሁ ከዱቄቱ 50 ግራም ቀንሳችሁ በእሱ ተኩት። ኑግም ሞክሬያለሁ፣ ተቆልቶ ተወቅጦ። ኩኪሱ ጥቁር ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን ኑግ ላደገበት ሰው ሌላ ነው። ልጆች «ያረረ ነው» ብለው አልነካም ሲሉ ለትልቆቹ ይተርፋል።

ማቆየት

በደንብ ሳይበርድ እንዳትከድኑት፣ ያልበዋል። ክዳኑ ግጥም የሚል የወተት ዱቄት ጣሳ ከሁሉም ይሻላል። የሐይቁ አየር እርጥብ ስለሆነ መስከረም ላይ ሰሃን ላይ ያደረ ኩኪስ በማግስቱ ለስልሶ ነው የምታገኙት። ከለሰለሰ 150 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ መልሱት፣ ሲበርድ እንደገና ይሰበራል። የቅቤውንና የጾሙን በአንድ ጣሳ አታድርጉ፤ አንዴ ከተቀላቀለ የሚጾመው ሰው ሁለቱንም አይነካም።

ሊጡ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥቅል አስቀምጣለሁ። ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ የዘጌው ቡና እየተቆላ እቆርጣለሁ፣ ሁለተኛው ጀበና ሲወርድ ኩኪሱም ይደርሳል።